የቤተ መጻሕፍቱ የሒሳብ መምህር፦ ሺያሊ ራማምሪታ ራንጋናታን

ዛሬ በብዙ ቤተ መጻሕፍት ካርድ የሚያገላብጥ ሰው እየጠፋ ነው። አንባቢው ኮምፒዩተር ፊት ይቀመጥና አንድ ቃል ይጽፋል፤ ወዲያው የመጻሕፍት ዝርዝር ይደረደርለታል። ከዝርዝሩ ጎን ደግሞ ሌላ ትንሽ ዝርዝር አለ፤ በጸሐፊ፣ በርእሰ ጉዳይ፣ በቦታ፣ በመጽሐፉ ዓይነት እየለየ የሚያጣራ። አንዱን ነካ ሲያደርገው ሁለት መቶ የነበረው መጽሐፍ ዐሥር ይሆናል። ይህን ያሰበው አንድ የኮምፒዩተር መሐንዲስ ነው ብሎ የማይገምት የለም። ነገር ግን የሐሳቡ ሥር ሲቆፈር የሚገኙት፣ ኮምፒዩተር ባልነበረበት ዘመን በደቡብ ሕንድ ሒሳብ ያስተምሩ የነበሩ አንድ መምህር ናቸው። ያውም ቤተ መጻሕፍቱን ገና በገቡበት ሰሞን ጠልተውት ሊሸሹ የነበሩ መምህር።

ከዚህ በታች ያሉት ዘመኖች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ራንጋናታን በ1892 በኦገስት ወር፣ በያኔው የማድራስ ግዛት፣ ሺያሊ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለዱ። ስማቸውን እዚህ ላይ ቆም ብለን እንየው፤ ኋላ ላይ ይጠቅመናል። ሺያሊ የትውልድ ቦታቸው ነው። ራማምሪታ የአባታቸው ስም ነው። የእርሳቸው የራሳቸው ስም ራንጋናታን ብቻ ነው። እንግዲህ እንደኛው ነው፤ የቤተሰብ ስም የሚባል የለም፤ ልዩነቱ እኛ የራሳችንን ስም ስናስቀድም እነርሱ ማስከተላቸው ነው።

አባታቸው የሞቱት እርሳቸው ገና ሕፃን ሳሉ ነው። ትምህርታቸውን በትውልድ ከተማቸው ከጨረሱ በኋላ ወደ ማድራስ ክርስቲያን ኮሌጅ ገብተው በ1913 የመጀመሪያ ዲግሪ፣ በ1916 ደግሞ በሒሳብ የማስተርስ ዲግሪ አገኙ። በዚያ ኮሌጅ የሒሳብ መምህራቸው የነበሩት ኤድዋርድ ሮስ በሕይወታቸው ሙሉ የማይረሷቸው ሰው ሆኑ። ቀጥለው የገቡት እንደኛው ካለ ቦታ ነው። በሳይዳፔት የመምህራን ኮሌጅ ሠልጥነው የማስተማር ፈቃድ አወጡ። የሚገርመው ራንጋናታን ይንተባተቡ ነበር። ይህ ችግር ክፍል ውስጥ ቆሞ ለሚያስተምር ሰው ምን ማለት እንደሆነ በልምምድ ማስተማር ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። እርሳቸው ግን በጥረት እየተቆጣጠሩት፣ ከ1917 ጀምሮ በማንጋሎርና በኮይምባቶር፣ በኋላም በማድራስ ፕሬዚደንሲ ኮሌጅ ሒሳብ አስተማሩ። በመምህራን ማኅበርም ውስጥ ገብተው ለመምህራን ደመወዝና ክብር ተሟግተዋል።

በ1923 የማድራስ ዩኒቨርሲቲ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የሚል አዲስ የሥራ ቦታ አውጥቶ ማስታወቂያ አወጣ። ወደ 900 የሚጠጋ ማመልከቻ ገባ፤ ነገር ግን በሙያው የሠለጠነ አንድም ሰው አልተገኘም። ራንጋናታን ማመልከቻ ያስገቡ እንጂ ነገሩን ረስተውት ነበር። ለቃለ መጠይቅ ሲጠሩ ደንገጥ ብለው፣ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት በእንግሊዝኛው ታላቅ ኢንሳይክሎፒዲያ ውስጥ ስለ ቤተ መጻሕፍት የተጻፈውን አነበቡ። ስለ ሙያው ያላቸው ዕውቀት ይኸው ነበር። በሒሳብ ታሪክ ላይ ጥቂት የምርምር ጽሑፎች ስለነበሯቸው ኮሚቴው መረጣቸው፤ በጃንዋሪ 1924 ሥራ ጀመሩ።

ሥራው ግን እስር ቤት ሆነባቸው። ትናንት በተማሪ ተከበው ጥያቄ ሲመልሱ የነበሩት ሰው፣ ዛሬ ሰው ዝር የማይልበት አዳራሽ ውስጥ ከአቧራ ጋር ተፋጠጡ። ጥቂት ሳምንት እንኳ ሳይሞላቸው ወደ አለቆቻቸው ሄደው ወደ ክፍሌ መልሱኝ ብለው ለመኑ። ዩኒቨርሲቲውም አንድ ስምምነት አቀረበላቸው። መጀመሪያ እንግሊዝ አገር ሄደው ቤተ መጻሕፍት እንዴት እንደሚሠራ ይማሩ፤ ተመልሰው አሁንም ካልወደዱት የሒሳብ ወንበራቸው ይጠብቃቸዋል። የዛሬ አለቆች ከዚህ ቢማሩ አይከፋም፤ ሠራተኛው ሥራውን ጠላሁት ሲል ከመውቀስ ይልቅ ሥራው ምን እንደሆነ እንዲያይ መላክ ማለት ነው።

ራንጋናታን ለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገቡ፤ መምህራቸው በርዊክ ሴየርስ ነበሩ። በፈተና ያመጡት ውጤት ከመካከለኛ ብዙም ከፍ ያለ አልነበረም። ትልቁ ትምህርት የተገኘው ግን ከክፍል ውጭ ነው። ከ100 በላይ ቤተ መጻሕፍት እየዞሩ ጎበኙ። ባዩትም ነገር ተደነቁ፤ በአገራቸው መጽሐፍ የጥቂት ምሁራን ንብረት ሆኖ ተቆልፎበት ሲኖር፣ እዚህ ሕፃናት፣ የቤት እመቤቶችና የፋብሪካ ሠራተኞች ከመደርደሪያ እያነሡ ያነባሉ። አንድ ነገር ግን አላማራቸውም፤ እያንዳንዱ ቤተ መጻሕፍት ሥራውን የሚሠራው በየራሱ ልማድ ነው፤ ለምን እንዲህ ታደርጋላችሁ ቢባል በምክንያት የሚመልስ ጥቂት ነው። የሒሳብ ሰው ደግሞ መነሻ ሕግ የሌለው ሥራ ዕረፍት ይነሣዋል።

ሁለተኛው ያልተዋጠላቸው ነገር የመጻሕፍት አመዳደብ ነው። ያኔ የገነነው፣ ዛሬም በብዙ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት የምናውቀው፣ የአሜሪካዊው የሜልቪል ዱዊ የአሥርዮሽ ሥርዓት ነው። ዱዊ ዕውቀትን ሁሉ አስቀድሞ ዘርዝሮ ለእያንዳንዱ ቁጥር ሰጥቶታል። ታዲያ በዝርዝሩ ውስጥ ያልታሰበ፣ ሁለት ሦስት ጉዳይ ያጣመረ መጽሐፍ ሲመጣ የት ይግባ? ወይ በግድ አንዱ ቦታ ይወሸቃል፣ ወይ አዲስ ቁጥር እስኪወጣለት ይጠብቃል።

መልሱን ያገኙት በመጫወቻ መሸጫ ነው። ለንደን ውስጥ ሰልፍሪጅስ በሚባለው ትልቅ መደብር ሲዘዋወሩ፣ አንድ ሻጭ ሜካኖ የሚባለውን የልጆች መጫወቻ ሲያሳይ አዩ። ሰውየው ከጥቂት ቀጫጭን ብረቶች፣ ከመንኮራኩሮች፣ ከብሎንና ከዳዶ አንዴ መኪና ይሠራል፤ ያንኑ ፈትቶ ሌላ ነገር ያደርገዋል። ራንጋናታን እዚያው ቆመው ተመራመሩ። የመጽሐፍ ቁጥር ለምን እንዲህ አይሆንም? ለእያንዳንዱ ጉዳይ ያለቀ ቁጥር ከማዘጋጀት፣ ጥቃቅን ክፍሎችን ብቻ አዘጋጅቶ መጽሐፉ ሲመጣ መገጣጠም። ብሎኑ ደግሞ ሁለት ነጥብ ይሁን። ሥርዓቱ ኮሎን የሚለውን ስም ያገኘው ከዚሁ ምልክት ነው። እኛ በድሮው አጻጻፋችን ቃልን ከቃል የምንለይበት ሁለት ነጥብ መልኩ ያው ነው፤ እኛ ስንለይበት እርሳቸው ማገናኘታቸው ነው እንጂ።

በመርከብ ወደ አገራቸው ሲመለሱ የሥርዓቱን ንድፍ ይዘው ነበር። በ1925 ማድራስ ደረሱ፤ የሒሳቡን ወንበር የጠየቀ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሃያ ዓመት ለማመን ያስቸግራል። ራንጋናታን አንድም ቀን ዕረፍት ሳይወስዱ፣ በቀን 13 ሰዓት፣ በሳምንት ሰባት ቀን ሠሩ ይባላል፤ በሠርጋቸው ቀን እንኳ ሥነ ሥርዓቱ ሲያበቃ ወደ ሥራ ተመለሱ። (ይህን ለሠልጣኞች አርአያ ይሁን ብዬ አልጽፈውም፤ ሙሽሪት ምን እንዳለች የጻፈ የለም።) መጻሕፍቱን ከተቆለፈበት አውጥተው አንባቢ ራሱ መደርደሪያው ዘንድ ሄዶ እንዲመርጥ ፈቀዱ። በ1928 የማድራስን የቤተ መጻሕፍት ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ ሆኑ። በ1929 ማኅበሩ የባለሙያ ማሠልጠኛ ከፈተ፤ በ1931 ዩኒቨርሲቲው ተረከበው። በዚያው በ1931 ማናርጉዲ በተባለ ቦታ በበሬ በሚጎተት ጋሪ ላይ መጻሕፍት ተጭነው በየመንደሩ እንዲዞሩ ተደረገ፤ ጋሪውን መርቀው ያስጀመሩት እርሳቸው ናቸው። በ1936 ዩኒቨርሲቲው ለቤተ መጻሕፍቱ አዲስ ሕንፃ አስመረቀ።

የስማቸው መጠሪያ የሆኑት አምስቱ ሕጎች የተወለዱትም በዚሁ ጊዜ ነው። ራንጋናታን በየአገሩ ያዩትን የሥራ ልማድ ሁሉ የሚያስር ጥቂት መሠረታዊ ሕግ ፍለጋ ለብዙ ጊዜ ተጨነቁ። በ1928 አንድ ምሽት የቀድሞ መምህራቸው ሮስ ቢሯቸው ጎራ ሲሉ ጭንቀታቸውን አይተው፣ ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው መጽሐፍ ለመገልገያ ከመሆኑ ነው የሚል ፍንጭ ጥለውላቸው ሄዱ። ያ ፍንጭ በቂ ነበር፤ የቀሩት አራቱ እየተመዘዙ መጡ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ባለቤታቸው ሩክሚኒ በድንገተኛ አደጋ ሞቱ። ከዚያ ሐዘን ብዙም ሳይርቁ፣ በዲሴምበር 1928 ቺዳምባራም ላይ በተደረገ የትምህርት ጉባኤ አምስቱን ሕጎች ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት አብራሩ። ሕጎቹ መጀመሪያ የተሰሙት በመምህራን ጆሮ መሆኑን ልብ ይሏል። መጽሐፍ ሆነው የታተሙት በ1931 ነው።

ፍሬ ነገራቸውን በራሳችን ቋንቋ ብንናገረው እንዲህ ነው። መጽሐፍ የሚገዛው ሊነበብ እንጂ ሊጠበቅ አይደለም። ማንም ሰው፣ ገበሬም ይሁን ፕሮፌሰር፣ የሚስማማውን መጽሐፍ የማግኘት መብት አለው። በሌላ በኩል እያንዳንዱ መጽሐፍ አንድ ቦታ የሚጠብቀው አንባቢ ስላለ፣ የባለሙያው ሥራ ሁለቱን ማገናኘት ነው። የአንባቢው ጊዜ መባከን የለበትም። አምስተኛው፣ ቤተ መጻሕፍት እንደ ሕይወት ያለው ነገር ያድጋል፤ ስለዚህ ሲጀመርም የሚያድግ ሆኖ መታሰብ አለበት። ሲሰሙት ቀላል ነው። ግን ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ይዞ ለምሳ የሚወጣ የመጻሕፍት ክፍል ተረኛ ባለበት ትምህርት ቤት ያስተማረ ሰው የመጀመሪያው ሕግ ብቻ እንኳ ስንት ጠብ እንደሚያስነሣ ያውቃል።

በ1933 የኮሎን አመዳደብ፣ በ1934 የካታሎግ አሠራር ደንባቸው፣ በ1935 ደግሞ ስለ ቤተ መጻሕፍት አስተዳደር የጻፉት ትልቅ መጽሐፍ ወጣ። የኮሎንን አሠራር በአንድ የታወቀ ምሳሌ እንየው። በ1950ዎቹ በሕንድ አገር፣ የሳንባን ነቀርሳ በኤክስሬይ ስለ ማከም የተደረገ ምርምር የሚል መጽሐፍ መጣ እንበል። በዱዊ ዝርዝር እንዲህ ያለው የት ይገባል? ራንጋናታን ግን ይገጣጥሙታል። ኤል የሚለው ፊደል ሕክምናን፣ 45 ሳንባን፣ 421 ነቀርሳን፣ 6 ማከምን፣ 253 ኤክስሬይን፣ ትንሿ ኤፍ ምርምርን፣ 44 ሕንድን፣ መጨረሻ ላይ ያለው ኤን 5 ደግሞ 1950ዎቹን ይጠቁማል። በመካከላቸው ነጠላ ሰረዝ፣ ድርብ ሰረዝ፣ ሁለት ነጥብና ነጥብ እንደ ብሎን ይገባሉ። ቁጥሩን የሚያነብ ሰው መጽሐፉን ሳይከፍት ይዘቱን ያውቃል። ኋላም ማንኛውም ጉዳይ ከአምስት ወገን ሊታይ ይችላል ብለው ደነገጉ፤ ጉዳዩ ራሱ ምንድነው፣ ከምን ቁስ ወይም ባሕርይ ጋር ነው፣ ምን ተደረገበት፣ የት፣ መቼ።

ያ በመግቢያችን ላይ ያነሣነው፣ በኮምፒዩተሩ ዝርዝር ጎን ያለው ማጣሪያ፣ ሐሳቡ ይኸው ነው። በ1952 እንግሊዝ አገር የተቋቋመ የአመዳደብ ጥናት ቡድን የራንጋናታንን ሐሳብ ወስዶ አስፋፋው፤ የእንግሊዝ ብሔራዊ የመጻሕፍት ዝርዝርም ከ1950 ጀምሮ የርእሰ ጉዳይ ማውጫውን በእርሳቸው ዘዴ ይሠራ ነበር። ኮምፒዩተር ሲመጣ ነገሩ ይበልጥ ተስማማው። አንድ መጽሐፍ በመደርደሪያ ላይ የሚቀመጠው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ በኮምፒዩተር ውስጥ ግን በጉዳዩም፣ በቦታውም፣ በዘመኑም በኩል ሊገኝ ይችላል።

እዚህ ላይ ስለ ዛሬው የተቀናጀ የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ወደ ትምህርት ቤት ስትመደቡ የመጻሕፍት ክፍሉን የምትረከቡት እናንተ ልትሆኑ ትችላላችሁና። ኮሃ የሚባለውን እንውሰድ። ኒው ዚላንድ ውስጥ በአንድ አውራጃ ቤተ መጻሕፍት ተሠርቶ በ2000 መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለ፣ በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ነው፤ ስሙም በማኦሪ ሕዝብ ቋንቋ ስጦታ ማለት ነው። በአገራችንም በዩኒቨርሲቲዎች ይሠራበታል። የተቀናጀ የተባለበት ምክንያት፣ ቀድሞ ለአንድ መጽሐፍ የጸሐፊ ካርድ፣ የአርእስት ካርድ፣ የርእሰ ጉዳይ ካርድ፣ በተጨማሪም የውሰት መዝገብና የንብረት መዝገብ ለየብቻ ይጻፍ የነበረው አሁን አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚመዘገብ ነው። ያ አንድ ምዝገባ ለፍለጋውም፣ ለውሰቱም፣ ለሪፖርቱም ያገለግላል። ስለዚህ ሲመዘገብ የተሳሳተ ነገር ሁሉም ቦታ የተሳሳተ ይሆናል።

ምዝገባው ማርክ በሚባለው፣ በአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ1960ዎቹ በተዘጋጀ ቅርጽ ይሞላል። 100 በሚለው መስመር የጸሐፊው ስም፣ በ245 አርእስቱ፣ በ650 ርእሰ ጉዳዩ ይገባል። እንግዲህ ያ የስም ጉዳይ እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። ራንጋናታን በካታሎግ ደንባቸው የአገራቸው ሰዎች ስም በፈረንጅ ልማድ እንዳይዛባ ብዙ ደክመዋል፤ የትኛው ቃል የሰውየው ስም፣ የትኛው የአባቱ፣ የትኛው የቦታው እንደሆነ ሳይታወቅ ፊደል ተራ ውስጥ ማስገባት አንባቢን ማጥፋት ነውና። የእኛም ነገር እንዲሁ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁን እንደ ፈረንጅ ገልብጦ ዓለማየሁ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ሐዲስ ብሎ መመዝገብ አባታቸውን ደራሲ ማድረግ ነው። ማርክ ለዚህ መላ አለው፤ ከ100 ቀጥሎ ባለችው ምልክት 0 ሲሞላ ስሙ በራስ ስም የሚጀምር፣ እንዳለ በቅደም ተከተሉ የተጻፈ መሆኑን ያመለክታል፤ 1 ሲሞላ ግን ለቤተሰብ ስም ነው። አንዲት ቁጥር ናት፤ ግን የማያውቃት መዝጋቢ የአንድን አገር ደራሲያን በሙሉ ይገለብጣል።

ሁለተኛው የእኛ ጣጣ ፊደላችን ነው። አንዱ ሐዲስን በሐመሩ ሐ ይጽፋል፣ ሌላው በሃሌታው ሀ፤ ዓለማየሁን አንዱ በዐይኑ፣ ሌላው በአልፋው። ፕሮግራሙ ካልተነገረው በቀር እነዚህ ለእርሱ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ተማሪው በአንደኛው ጽፎ ፈልጎ መጽሐፉ የለም ይባላል፤ መጽሐፉ ግን ከጀርባው መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። መድኃኒቱ በሶፍትዌሩ ውስጥ ለእያንዳንዱ ደራሲ አንድ ቋሚ የስም መዝገብ ከፍቶ፣ ሌሎቹን አጻጻፎች ወደዚያው እንዲያመለክቱ ማድረግ ነው። ቀድሞ በካርድ፣ እገሌን ይመልከቱ እየተባለ ይሠራ የነበረው መሆኑ ነው። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ግን አራተኛው ሕግ፣ የአንባቢው ጊዜ አይባክን የሚለው፣ የሚፈጸመው በዚህ ዓይነት አሰልቺ ሥራ ነው።

ስለ ሪፖርትም እንዲሁ። ብዙ ሰው ሪፖርት ሲባል ለበላይ አካል የሚላክ ወረቀት ይመስለዋል። ሶፍትዌሩ በየወሩ የትኛው መጽሐፍ ስንት ጊዜ እንደተዋሰ፣ የትኛው ቀኑ አልፎበት እንዳልተመለሰ፣ የትኛው ከተገዛ ጀምሮ ማንም እንዳልነካው ያወጣል። ያልተነካው ዝርዝር ከሁሉ የበለጠ ጠቃሚው ነው፤ ምክንያቱም ሦስተኛው ሕግ ያልተፈጸመባቸውን መጻሕፍት በስም እየጠራ ያሳያል። ከዚያ በኋላ ባለሙያው ይመረምራል፤ መጽሐፉ የማይረባ ነው? በተሳሳተ ርእሰ ጉዳይ ተመዝግቦ ተደብቋል? ወይስ መምህሩ ለተማሪዎቹ አልነገራቸውም? ይህን ማሽኑ አይመልስም።

ራንጋናታን ይህን ሁሉ በወረቀት ይሠሩት እንደነበር የሚያሳይ አንድ ማስረጃ ልጥቀስ። መጽሔት በየወሩ ወይም በየሦስት ወሩ ይመጣል፤ አንዱ ቁጥር ፖስታ ቤት ቢቀር ማንም ሳያስተውል ዓመት ያልፋል። እርሳቸው ለዚህ የሦስት ካርድ ዘዴ ፈጠሩ። በአንደኛው ካርድ የመጣው ቁጥር ይመዘገባል። ሁለተኛው ካርድ መጽሔቱ ሊመጣ በሚገባው ሳምንት ሥር ይቀመጣል፤ መጽሔቱ ከመጣ ካርዱ ወደሚቀጥለው መድረሻ ሳምንት ይሸጋገራል፣ ካልመጣ ግን እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ሳምንቱ ሲያልቅ ባለሙያው የቀሩትን ካርዶች ብቻ አንሥቶ ለአከፋፋዩ ማስታወሻ ይጽፋል። ሦስተኛው ካርድ በመደብ ቁጥሩ ተራ ተቀምጦ በአንድ ርእሰ ጉዳይ ምን ምን መጽሔት እንዳለ ለአንባቢ ያሳያል። ዛሬ ኮሃ የዘገየ መጽሔትን የሚያሳውቀው በዚሁ ብልሃት ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የካርዱ ብልሃት እንደሚሠራ አትርሱ።

ራንጋናታን ከማድራስ የወጡት በሰላም አልነበረም። ከአዲሱ የዩኒቨርሲቲው ኃላፊ ጋር ሳይስማሙ ቀርተው ሥራቸውን ለቀቁ። በ1945 ወደ ባናራስ የሂንዱ ዩኒቨርሲቲ ሄደው፣ እዚያ ያለ ሥርዓት ተከምሮ የቆየውን ከ100,000 በላይ መጽሐፍ በራሳቸው እጅ መደቡ፤ መዘገቡ። ዕድሜያቸው ያኔ ከሃምሳ በላይ ነበር። በ1947 ወደ ዴልሂ ዩኒቨርሲቲ ተሻገሩ። ለብዙ ዓመታት የደከሙለት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሕግ በ1948 በማድራስ ግዛት ጸደቀ፤ ነፃ በወጣችው ሕንድ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ በዙሪክ ከተማ ሁለት ዓመት ያህል ተቀምጠው ሲጽፉና ሲያስተምሩ ቆዩ፤ በ1957 መንግሥታቸው ፓድማ ሽሪ የተባለውን ሽልማት ሰጣቸው። በ1962 በባንጋሎር የሰነድ ጥናትና ማሠልጠኛ ማዕከል አቋቋሙ፤ በ1965 ብሔራዊ የምርምር ፕሮፌሰር ተባሉ። የጻፏቸው መጻሕፍት ወደ 60 ይጠጋሉ። የመጀመሪያ ፍቅራቸውንም አልረሱም፤ በ1967 ስለ ታላቁ ሕንዳዊ የሒሳብ ሊቅ ስለ ራማኑጃን አንድ መጽሐፍ አሳተሙ።

ነቀፌታም አለባቸው። የኮሎን ሥርዓት በየዕትሙ ስለሚለወጥ፣ አንዴ ቁጥር የለጠፈ ቤተ መጻሕፍት እንደገና እየፋቀ መለጠፍ ይገደድ ነበር። ቁጥሮቹም ረዣዥምና ለአንባቢ ዓይን ከባድ ናቸው። ስለዚህ ሥርዓቱ እንዳለ ከሕንድ ውጭ ብዙም አልተስፋፋም፤ በዓለም መደርደሪያ ላይ ዛሬም በሰፊው የሚታየው የዱዊ ቁጥር ነው። በእኔ አስተያየት ሰውየው በመደርደሪያው ቢሸነፉም በፍለጋው አሸንፈዋል፤ ዱዊ መጽሐፉን የት እንደምናስቀምጠው ሲነግረን፣ ራንጋናታን ደግሞ እንዴት እንደምንጠይቅ አስተማሩን።

ኑሯቸው ቀላል ነበር። በዕድሜያቸው ያጠራቀሙትን 100,000 ሩፒ ለማድራስ ዩኒቨርሲቲ ሰጥተው፣ የቤተ መጻሕፍት ሳይንስ የፕሮፌሰርነት ወንበር እንዲቆምበት አደረጉ፤ ወንበሩም በሁለተኛዋ ባለቤታቸው በሳራዳ ስም ተሰየመ። ያች የሠርጓ ዕለት ሙሽራው ወደ ቤተ መጻሕፍት የተመለሰባት ሳራዳ ናት።

ራንጋናታን በሴፕቴምበር 27 ቀን 1972 ባንጋሎር ውስጥ በ80 ዓመታቸው ዐረፉ። የኮሎን ሰባተኛው ዕትም ከሞቱ በኋላ በ1987 ታተመ፤ በሕንድም ኦገስት 12 የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ቀን ሆኖ በስማቸው ይከበራል።